ትሎቹ ደህና ናቸው

ትሎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ከሞቱ በኋላ ደግሞ ስምንት እሑድ ሙሉ ደህና ናቸው ብዬ ጻፍኩ። የተበላሸው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ወሰንየለሽ እባላለሁ። ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ከደብረ ታቦር ምደባ አምጥቶኝ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። የምኖረው እትዬ ሰንበቴ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከክፍሏ ፊት ለፊት አልጋ የምታህል ባዶ መሬት ነበረች። ቆስጣ የዘራሁባት አትክልት ስለምወድ አይደለም፤ እሑድ የምሠራው አጥቼ ነው።

ሮቤ ላይ እሑድ ረጅም ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ሽሮ እሠራለሁ። ይህ ሁሉ አልቆ ሰዓቴን ሳይ ገና ስድስት ሰዓት ነው። እናቴ ትደውላለች። «ሰው አገኘሽ?» ትለኛለች። ጓደኛ ማለቷ ይሁን ባል አይገባኝም። ለሁለቱም መልሱ አንድ ስለነበር ጠይቄያት አላውቅም።

ዘር የምገዛው ከአዴ ጁሀራ፣ በእኛ አባባል ከእትዬ ጁሀራ፣ ሱቅ ነበር። አዴ ጁሀራ ስድሳን ያለፉ፣ ከደንበኛ ጋር ሳያወሩ ዘር የማይሸጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የቀይ ሥር ዘር እየቋጠሩልኝ፣

«ቴሌግራም አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«አምጪው ላስገባሽ። ከቆስጣ ጋር ብቻሽን ከምታወሪ ከሰው ጋር አውሪ።»

ቡድኑ «የጓሮ ሰዎች» ይባላል። ከሮቤና ከጎባ፣ ጥቂት ደግሞ ከዲንሾ፣ አርባ ያህል ሰዎች ነን። ደንቡ የአዴ ጁሀራ ነው። እሑድ እሑድ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይጽፋል። ጓሮው እንዴት እንደሰነበተ፣ ብስባሹ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ለራሱ ደስታ ያደረገውን አንድ ነገር። ሦስተኛውን «የራስ» ይሉታል። አንዱ ስለ ርግቦቹ ይጽፋል፤ አንዷ የጀመረችውን ሹራብ ታሳያለች። እኔ የራስ የምለው አልነበረኝም። ሁለት እሑድ ዘለልኩት። በሦስተኛው አዴ ጁሀራ በድምፅ መልእክት ያዙኝ።

«ወሰን፣ ቆስጣሽን አየነው፣ ማሻ አላህ! አንቺስ? አንቺ የታለሽ?»

አርባ ሰው ፊት እንደዚህ ስባል ተናደድኩ። ተናድጄ፣ በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ የሰማኋትን አንዲት የኦሮምኛ ቃል ጻፍኩ። «ቀበና፦ ብርድ።» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንዱ አጻጻፌን አረመኝ፣ ሌላው አዲስ ቃል ላከልኝ። ከዚያ በኋላ የእኔ የራስ በየሳምንቱ አንድ ቃል ሆነ።

ሂካን ያወቅኩት በዚህ ነው። የጎባ ልጅ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን። ቡድኑ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ቀይ ትል ነው። ጓደኛው ከአምቦ በውኃ ጠርሙስ ያመጣለትን አንድ እፍኝ ትል በሦስት ዓመት ሁለት ሳጥን አድርሶታል፤ የወጥ ቤት ልጣጭ እየበሉ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው ማዳበሪያ ያወጡለታል። ሁለተኛው አሮጌ ሬዲዮ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ይጠግንና እሑድ የራስ ሲደርሰው ዐሥር ሴኮንድ ድምፅ ይልካል። ዜና ሊሆን ይችላል፣ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም ጩኸት ብቻ ነው። «ይህኛው ገና እያገገመ ነው» ይላል።

አንድ ቀን በግል ጻፈልኝ።

«ለዚህ ሳምንት ምን ቃል ያዝሽ?»

«ብቻ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ምንድን ነው?»

«የትኛው ብቻ?»

«ስንት ብቻ አለ?»

«ሁለት። አንድ ዳቦ ብቻ ስትዪ ቆፋ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ኮጳ ነው።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «የትኛውን ነው የፈለግሽው?» አለኝ።

«ሁለቱንም» ብዬ መለስኩ። በዚያ እሑድ የለጠፍኩት ግን ቆፋን ነው።

ሐምሌ ውስጥ ከሁለቱ ሳጥን አንዱን ሊሰጠኝ ተነሣ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሁለቱም ጎባ ካሉ አንድ ክፉ ብርድ ሁለቱንም ይጨርሳቸዋል፤ አንዱ ሮቤ ቢሆን ግን ዘሩ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት መናኸሪያ ጠበቅኩት። ከሚኒባሱ መጨረሻ ላይ የወረደው እሱ ነው፤ የቢራ ሳጥን እንደ ሕፃን አቅፎ። ረጅም ነው፤ ትንሽ ጎበጥ ይላል፤ ማይክሮስኮፕ ላይ የኖረ ሰው አንገት።

«ወሰንየለሽ?»

«ወሰን በለኝ፤ እስክትጨርሰው ይመሻል።»

ሳቀ። «ቀስ ብለሽ ያዢው። መንገድ አሟቸዋል።»

«ትልን መንገድ ያማል?»

«የሾፌሩ ዘፈን ማንንም ያማል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ልጄ ምን ይዘሃል አሉኝ። ትል ስላቸው ከሾፌሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ጫጩት ነው ብል ይሻለኝ ነበር።»

«ሥራህ ትል መግደል አይደል እንዴ?»

«ቀን ላብራቶሪ ውስጥ ትል አገኛለሁ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዝለታል። ቤቴ ስገባ ደግሞ ለትል እራት አቀርባለሁ። እናቴ ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ እስካሁን አልገባትም።»

እስከ ግቢያችን ሳጥኑን በሁለት በኩል ይዘን ሄድን። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔም ፈጣን ተራማጅ ነኝ፤ በዚያ ቀን ግን ዘገየሁ። ሳጥኑን ከክፍሌ በር አጠገብ፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥነው። ተንበርክኮ አስተማረኝ። ሽንኩርት የለም፣ ሎሚ የለም፣ በርበሬ የነካው የለም። የእንቁላል ቅርፊት ይወዳሉ።

«ብርድ ስለሆነ ከላይ ደረቅ ቅጠል ታለብሻቸዋለሽ። ማንኛውም ቅጠል ይሆናል፣ ሄጦ ብቻ አይሆንም። ሄጦን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

አላውቅም ነበር። ግን በየሳምንቱ ለአርባ ሰው ቃል የማስተምር ሰው ነኝ፤ እሱ ደግሞ እጁ እጄ አጠገብ ነበር፣ ዝናብም እየመጣ ነበር። ኋላ ስልኬ ላይ አየዋለሁ አልኩ። አላየሁትም።

ሦስት ሳምንት በጣም ጥሩ ሆነ። ትሎቹ ከጠበቅኩት በላይ ይበሉ ነበር። በቀን ሦስት አራት ፎቶ እያነሳሁ እልክለታለሁ። ከሥራ ስመለስ ክፍሌን ከፍቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሳጥኑን ክዳን አነሳለሁ። ሁለት ዓመት ስገባና ስወጣ የኖርኩበት በር ላይ የሚጠብቀኝ ነገር አገኘሁ፤ ትል ይሁን እንጂ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ብርዱ ጠነከረ። ገበያ ላይ አንድ ባለ ጋሪ ከዲንሾ በላይ ካለው ጫካ የተጠረገ ደረቅ ቅጠል በማዳበሪያ ይዞ አገኘሁት። ቀላል፣ በደንብ የደረቀ፣ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ የተቀላቀለበት። ደስ አለኝ። አንድ ስንዝር አድርጌ አለበስኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ትሎቹ ግድግዳው ላይ ወጥተው ክዳኑ ሥር ተጣብቀው አገኘኋቸው። ሞቋቸው ይሆናል አልኩ። በአምስተኛው ቀን አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም። እትዬ ሰንበቴ ሽታው ስቧቸው መጡ፤ ከሳጥኑ አንድ ዘለላ አንሥተው በጣታቸው አሹትና፣

«ይሄ ኮሶ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ኮሶ?»

«እዚህ ሄጦ ነው የሚሉት። አንቺ ልጅ፣ ትልን ኮሶ አጠጣሻት!»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው አቆሙ፤ ሳጥኑን ራሳቸው ወስደው ከጓሮው ጥግ ቀበሩት። እኔ ኮሶን የማውቀው እንደ ኮሶ መረረኝ ሲባል፣ ድሮ ለሆድ ትል ይጠጣ ነበር ሲባል ብቻ ነው። ዛፍ እንዳለው፣ አበባ እንዳለው፣ እዚህ አገር ሌላ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር።

ለሂካ በዚያው ቀን ልነግረው ነበር። ስልኬን ስይዝ ቀድሞ ጽፏል።

«ልጆቼ እንዴት ናቸው?»

ሞቱ ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን ወደ ላይ እየመለስኩ የቆዩ መልእክቶቻችንን አነበብኩ። ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ቆጠርኩ። ከዐሥር መልእክቶቹ ሰባቱ የሚጀምሩት በትል ነው። ልጣጩን ጨረሱ ወይ፣ እንዳይበርዳቸው፣ እስቲ ፎቶ። ትሎቹ ከሌሉ ይህ ሰው ለእኔ የሚጽፍበት ምን ምክንያት አለው? ሰባቱ ይቀራሉ፤ ሦስቱም ብዙ አይቆዩም።

የጻፍኩትን አጠፋሁ። «ደህና ናቸው» ብዬ ላክሁ።

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሆንኩበት። ሰው የፈጠረው መረጃ የሚታወቀው ከልክ በላይ ስለሚስተካከል ነው። ስለዚህ የእኔን ወጣ ገባ አደረግኩት። አንድ ሳምንት በደንብ በሉ፣ በሌላው ብርድ ይዟቸው ሰነፉ፣ በሦስተኛው ድንች እምቢ አሉ። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተረፉኝ ስድሳ ምናምን ፎቶዎች ነበሩ። እሑድ እሑድ አንዱን መርጬ እለጥፍ ነበር። አዴ ጁሀራ ማሻ አላህ ይላሉ። ሂካ የልብ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ በግል ይመጣል።

በእነዚያ ሳምንታት ነው በደንብ ያወራነው። ስለ አባቱ ነገረኝ።

«አባቴ የሞተ ቀን ሬዲዮው ዝም አለ። ባትሪ ነው ያለቀው። እናቴ ግን እስካሁን አላመነችም።»

«ያንን ሬዲዮ ጠገንከው?»

«እሱን አልነካም። ከተሠራ እናቴ ምን ታደርጋለች?»

እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት። እሑድ ከሰዓት ሰው በር ያንኳኳ መስሎኝ የምነሣ መሆኔን፤ ስከፍተው ንፋስ መሆኑን። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ሁሉም እውነት ነበር። ከላይ በኩል ግን ሁልጊዜ ያቺ መስመር አለች፦ ትሎቹ ደህና ናቸው።

ከዚያ «እሑድ መጥቼ ልያቸው?» አለ።

ና ልለው ነበር፤ ከዚያ ባዶውን የበሩን ጥግ አየሁ። «በዚህ እሑድ አይመቸኝም፤ የተማሪ ምዝገባ ነው» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጠየቀኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። በሦስተኛው ጊዜ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ለአምስት ደቂቃ ነው። በር ላይ ቆሜ አይቻቸው እመለሳለሁ።» እንግዳ አለብኝ አልኩት። እንግዳ! ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ክፍል አንድ እንግዳ አላስተናገደም።

አራተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም። መልእክቱ እያጠረ መጣ። ሬዲዮ መላክ ተወ። እሑድ ከሰዓት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ወረቀት አርማለሁ፤ ስልኩ በበራ ቁጥር አዴ ጁሀራ ናቸው።

በጥቅምት የመጀመሪያው ረቡዕ ጻፈልኝ። እንደ ደብዳቤ የተሰደረ ረጅም መልእክት ነበር።

«ወሰን፣ አንገቱ የምትባል ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ተዛውሬያለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ። የእኔን ሳጥን ባለፈው ሳምንት ዝናብ አጥለቅልቆት አንድም አልተረፈም። የቀሩት ያንቺ ጋ ያሉት ብቻ ናቸው። እዚያ የቡና ችግኝ የሚያፈሉ ሴቶች አሉ፤ ትል አመጣላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቅዳሜ ልምጣ ወይስ ታመጪልኛለሽ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። በሩን ከፍቶ ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ግን የሦስት ዓመት ልፋቱ በእኔ እጅ ማለቁን በስልክ ልነግረው አልቻልኩም፤ ዝም ብዬም ልቀር አልቻልኩም። «አመጣልሃለሁ» አልኩ።

አርብ ከክፍል እንደወጣሁ ከእትዬ ሰንበቴ ዶማ ተውሼ ሻያ ወንዝ ዳር ወረድኩ። እርጥብ ቦታ እየፈለግኩ ቆፈርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትል ለቀምኩ። የተራ አፈር ትል ነው። ሂካ ራሱ አስተምሮኝ ነበር፤ ቀዩ ትል ቀጭን ነው፣ ከላይ ከላይ ይኖራል፣ ልጣጭ ይበላል። ወፍራሙ ግራጫ ደግሞ ጥልቅ አፈር ውስጥ ነው ኑሮው፤ ሳጥን ውስጥ ቢያስገቡት ወይ ይጠፋል ወይ ይሞታል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ባልዲ ሞላሁ። ጨለምለም ያለ አፈር አለበስኩት። እንዲያው አንድ ቀን እንዲያምነኝ፤ አንገቱ ደርሶ ሲሞቱ መንገድ ይሁን ሙቀት ይሁን አያውቅም። እንዲህ አሰብኩ። አሁን ስጽፈው ሌላ ሰው ያሰበው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጎባ ሄድኩ። ባልዲውን በጨርቅ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አድርጌ። ሰጥቼው ወዲያው ልመለስ ነበር ሐሳቤ።

በሩን የከፈቱልኝ እናቱ፣ አዴ ቢፍቱ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የትሏ ልጅ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ! ታኢ፣ ተቀመጪ እንጂ! ሂካ! መጣችልህ!»

ሂካ ከጓዳ ወጣ። ፀጉሩ አድጓል፤ ከስቷል። ጥግ ላይ ዕቃው በማዳበሪያ ታስሮ ተቀምጧል። ሰላም ተባባልን፤ እጁን ቶሎ ለቀቀ። ባልዲውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ በጣቱ አፈሩን ገፋ አደረገ። አንዱን አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረገው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ እርሳስ የሚያህል። ሥራው ላይ እንደሚያደርገው ዝም ብሎ አየው።

ከዚያ መልሶ አስገባው፤ ጨርቁን አለበሰው።

«አመሰግናለሁ» አለኝ።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቱ ጩኮ ይዘው ገቡ። የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ ነው፤ ለተራ እንግዳ አይቀርብም። ፊቴ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሮቤ እኮ ቅርብ ነው። ለምን አንድ ቀን አልመጣሽም?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አዴ።»

«ይሄ ደግሞ እሑድ በመጣ ቁጥር ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ጫማውን ጠርጎ ይቀመጣል። የት ልትሄድ ነው ስለው የትም ይለኛል። ሦስት እሑድ! የትም ለመሄድ ሰው ጫማ ይጠርጋል?»

«አዮ፣ በቃ!» አለ ሂካ። እናቱን ነው፤ ያየው ግን ወለሉን ነበር።

የያዝኩትን ጩኮ መልሼ አስቀመጥኩት። አዴ ቢፍቱ ውኃ ሊያመጡ ሲወጡ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ሞተዋል» አልኩ። «እነዚህ አይደሉም። ያንተዎቹ። ነሐሴ ላይ ሞተዋል።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅህ? አሁን ስታየው?»

«አሁን እርግጠኛ ሆንኩ። በፊትም ግን አውቅ ነበር። የእንቁላሉ ቅርፊት።»

«የቱ ቅርፊት?»

«ሦስት ፎቶ ላይ ያለው። በሦስቱም እሑድ እዚያው ቦታ፣ እንደዚያው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ትል ያለበት ሳጥን ውስጥ ምንም ነገር በነበረበት አይሰነብትም፣ ወሰን።»

«ሄጦ ነው» አልኩ። «ከገበያ ገዝቼ አለበስኳቸው። አላውቀውም ነበር።»

«አውቃለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አላውቅም ነበር።»

ሳቅ አፉ ላይ መጣ፤ አየሁት። ከዚያ ሄደ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም ታዲያ? ፎቶው የድሮ ነው ለምን አላልከኝም?»

«ይሉኝታ ነው ብዬ ነዋ! ትሎቹን ጥላቸዋለች፣ እኔም ሰልችቻታለሁ፣ ፊት ለፊት ላለመናገር ብላ ነው የምትጽፍልኝ አልኩ። ልምጣ ስልሽ አይመቸኝም። ልምጣ ስልሽ እንግዳ። ሰው ይኖራታል አልኩ። ደስ እንዲለኝ አሮጌ ፎቶ የሚላክልኝ ሰው ሆንኩ አልኩ።» ወደ ታሰረው ዕቃ ዞረ። «አንገቱ ማን ይሄዳል ተብሎ ስንጠየቅ እጄን ያወጣሁት በዚያው ሳምንት ነው።»

«ሰው የለኝም» አልኩ። «ማንም አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር ነው ያለኝ፣ ሂካ። የምትጽፍልኝ ለትሎቹ ብለህ መስሎኝ ነው። እነሱ ከሌሉ አንተም የለህም ብዬ ነው።»

«ስለ ትል ስንት ቀን ይወራል?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ሌላ በምን እንደምጀምር ስላላወቅኩ እኮ ነው! ሞቱ ብትዪኝ ኖሮ በዚያው ቀን በሚኒባስ እመጣ ነበር። ለትሎቹ አይደለም።»

ውጭ ነጎድጓድ አለ። እኔ ሰው ሲያዝንብኝ ነገሩን ቶሎ ማስተካከል እፈልጋለሁ፤ እንደ ስሌት። ስለዚህ ቸኮልኩ።

«አንገቱ ሩቅ አይደለም። እጽፍልሃለሁ። በየቀኑ እጽፍልሃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን።»

«እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። ከልቡ ነበር የጠየቀኝ፤ መልስ ካለኝ ሊሰማኝ ፈልጎ ነበር። «ደህና ነኝ ስትዪኝ ደህና መሆንሽን በምን አውቃለሁ? አመመኝ ስትዪኝስ? እሱንስ ተይው፤ ሞቱ ማለት ከበደሽ፣ ይገባኛል። ይሄንን ግን ሆን ብለሽ ቆፍረሽ ነው ያመጣሽልኝ። እነዚያ ሴቶች ጋ ይዤው እንድሄድ። ዛሬ እናቴ ያንን ባትናገር ኖሮ፣ ትነግሪኝ ነበር?»

አዎ ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ፤ ቀስ ብሎ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የአባቱ ሬዲዮ ዝም ብሏል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውደቅ ጀመረ። ዓይኑ አንድ ጊዜ ዓይኔ ላይ ቆየ። ጠልቶኝ አልነበረም። መውደዱንም፣ ማመን አለመቻሉንም እኩል አየሁ። የትኛው እንደሚያሸንፍ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቦርሳዬን አንሥቼ ቆምኩ። አዴ ቢፍቱ የውኃውን ማሰሮ ይዘው ሲገቡ አገኙኝ።

«ወዴት ነው? ዝናቡን አታዪም? መኪናም አታገኚም በዚህ ሰዓት። ቡሊ፣ ልጄ።»

ቡሊ ማለት እደሪ ማለት ነው። ይህንን ማንም ሳይተረጉምልኝ አውቀዋለሁ። ወደ ሂካ ዞርኩ። የፈለግኩት ትርጉም አልነበረም። በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከእሱ አፍ አንዴ እንዲደገምልኝ ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይ የማልቆም፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የምጠጣ ሰው ነኝ፤ እዚያ ወለል ላይ ግን ቆሜ ጠበቅኩ። እናቱም እኔን ትተው እሱን ማየት ጀመሩ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ጋላቶማ፣ አዴ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ነጠላዬን ራሴ ላይ አደረግኩና ወጣሁ። በሩ በእርጥበት አብጧል፤ አንዴ ስስበው አልገጥም አለኝ። መያዣውን በሁለት እጄ ይዤ እስኪገጥም ድረስ ሳብኩት።